«መኪና» ከየት መጣ? ስለ ላቲኑ «ማኪና» እና ከላቲን በተወለዱ ቋንቋዎች ስላሉት ትርጉሞቹ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከዚህ በታች የሰፈሩት ጥያቄዎች ሁሉ የሚዞሩት በአንድ ቃል ዙሪያ ነው፤ እሱም በላቲን «ማኪና» ይባል የነበረውና በእኛ ዘንድ «መኪና» ሆኖ የቀረው ቃል ነው። ይህን ቃል ሮም ላይ የሚናገር ሰው አብዛኛውን ጊዜ አውቶሞቢል ማለቱ ሲሆን፣ ፓሪስ ላይ የቃሉን ዘመድ የሚናገር ሰው የልብስ ማጠቢያ፣ ማድሪድ ላይ የሚናገር ሰው የባቡር ራስ ወይም በሥራው የሚደነቅ ጎበዝ፣ ቡካሬስት ላይ የሚናገር ደግሞ እንደገና አውቶሞቢል ማለቱ ሊሆን ይችላል። ዓመታቱና ቀናቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው፤ የውጭ ቃላቱም በፊደላችን የሰፈሩት ድምፃቸውን ተከትለው ነው።

የሮማንስ ቋንቋዎች የሚባሉት የትኞቹ ናቸው?

ከላቲን የተወለዱት ናቸው፦ ጣልያንኛ፣ ፈረንሳይኛ፣ ስፓንኛ፣ ፖርቱጋልኛ፣ ሮማንያኛ፣ ካታላንኛ፣ ሰርዲንኛና ሌሎች ጥቂቶች። ስያሜው ከፍቅር ታሪክ ጋር ሳይሆን ከሮም ከተማ ስም ጋር የተያያዘ ነው። ለሚቀጥለው ውይይት አንድ ነገር ከወዲሁ ማወቅ ይጠቅማል፤ እነዚህ ቋንቋዎች የላቲን ቃል የሚያገኙበት መንገድ ሁለት ነው። አንዱ ከእናት ወደ ልጅ፣ ከአፍ ወደ አፍ ሲወርድ የመጣው ሲሆን፣ ይህ ቃል በመንገድ ላይ ድምፁ ይለወጣል፣ ይሸራረፋል። ሌላው ሊቃውንት ከመጽሐፍ አንሥተው ያስገቡት ነው፤ እሱ መልኩን እንደ ጠበቀ ይኖራል። አንዳንዴ ያው አንድ ቃል በሁለቱም መንገድ ይገባና አንድ ቋንቋ ውስጥ ሁለት ሆኖ ይገኛል፤ የእኛው ቃል ታሪክ በዚህ የተሞላ ነው።

«ማኪና» በላቲን መጀመሪያ ምን ማለት ነበር?

ከላቲን በፊት ግሪክ ነበረ። በአቴናውያን አነጋገር «ሜካኔ»፣ በዶሪክ ግሪኮች አነጋገር «ማካና» ይባል የነበረው ቃል የወጣው «ሜኮስ» ከሚል ስም ሲሆን፣ የዚህ ትርጉም ብረትም መንኮራኩርም አይደለም፤ ዘዴ፣ ብልሃት፣ ከችግር መውጫ መላ ማለት ነው። ጉልበት የሚያንሰው ሰው ጉልበት የሚበዛበትን ነገር የሚያሸንፍበት ማንኛውም መላ «ሜካኔ» ነበር፤ ክብደት ማንሻውም፣ የጦር ሽንገላውም በአንድ ስም ይጠሩ ነበር።

ሮማውያን ቃሉን የወሰዱት ከአቴና ሳይሆን በደቡብ ጣልያንና በሲሲሊ ከሰፈሩት ዶሪክ ተናጋሪ ግሪኮች፣ ማለትም እንደ ታራንቶና ሲራኩስ ካሉ ከተሞች መሆኑን የቃሉ የመጀመሪያ አናባቢ ይመሰክራል፤ «ሜ» ሳይሆን «ማ» ነውና። ሁለተኛው አናባቢ ደግሞ ቃሉ የገባበትን ዘመን ይጠቁማል። በጥንቱ ላቲን በቃል መካከል የሚገኝ አጭር «አ» ወደ «ኢ» ይደክም ስለ ነበር «ማካና» «ማኪና» ሆነ፤ ይህ የድምፅ ለውጥ ከቆመ በኋላ የገባ ቃል ቢሆን ኖሮ «ማካና» እንደ ሆነ በቀረ ነበር። የዶሪክ ግሪክ ከተማ የነበረችው ሲራኩስ የሒሳብና የመሣሪያ ሊቁ የአርኪሜዴስ አገር መሆኗን እዚህ ላይ ማስታወስ ያስፈልጋል። ሮማውያን ከተማይቱን ከብበው በ212 ዓመት ከክርስቶስ ልደት በፊት እስኪይዟት ድረስ የአርኪሜዴስ መሣሪያዎች መርከቦቻቸውን ሲያስጨንቁ ነበር፤ የታሪክ ጸሐፊው ሊቪዩስም አርኪሜዴስን የጦር መሣሪያዎች ፈልሳፊና «ማኪናቶር» ብሎታል።

በላቲን ቃሉ ብዙ ነገር ሸፈነ። ድንጋይ ማንሻ፣ የከተማ ቅጥር ማፍረሻ፣ የግንበኞች መቆሚያ ርብራብ፣ ባሮች ለሽያጭ የሚቆሙበት መድረክ፣ እንዲሁም ተንኮል ሁሉ «ማኪና» ነበሩ። በአንደኛው ምዕተ ዓመት ከክርስቶስ ልደት በፊት የኖረው አርክቴክቱ ቪትሩቪዩስ የሥራውን ዐሥረኛ መጽሐፍ ለማኪናዎች የሰጠ ሲሆን፣ ማኪናን ከእንጨት የተጋጠመና ሸክም ለማንቀሳቀስ ታላቅ ኃይል ያለው ነገር ሲል ይተረጉመዋል። በዚያው ዘመን የነበረው ባለቅኔ ሉክሬቲዩስ ደግሞ ዓለምን በሞላ «የዓለም ማኪና» ብሎ ጠርቶታል፤ አንድ ቀን የሚፈርስ ማኪና መሆኑንም አልሸሸገም።

«ዴውስ ኤክስ ማኪና» የሚባለው ነገርስ?

«ከማኪና የወጣ አምላክ» ማለት ነው። በግሪክ ቲያትር አምላክን የሚጫወተው ተዋናይ በክሬን ተሰቅሎ ከላይ ወደ መድረኩ ይወርድ ነበርና፣ ደራሲው የታሪኩን ቋጠሮ ራሱ መፍታት ሲያቅተው ከውጭ አንሥቶ የሚጨምረውን መፍትሔ ሁሉ ሰዎች በዚህ ስም መጥራት ያዙ። እዚህ ላይ «ማኪና» ማለት እንግዲህ ገመድና ግንድ ነው።

ጣልያንኛ «ማቺና» የሚል ቃልም አለው፤ ከ«ማኪና» ጋር አንድ ነው?

አንድ ነው፤ በእኔ ግምት የዚህ ሁሉ ታሪክ ጣፋጩ ክፍልም ይኸው ነው።

የሮም መንግሥት ከወደቀ በኋላ በተራው ገበሬ ዘንድ ከዕለት ወደ ዕለት የሚታይ አንድ ማኪና ብቻ ቀረ፤ እሱም ወፍጮ ነው። የከተማ ቅጥር ማፍረሻውንና የቲያትሩን ክሬን ያየ ሰው ጠፋ፤ እህል የሚፈጭ ሰው ግን አልጠፋም። ስለዚህ ከአፍ ወደ አፍ የወረደው ቃል ትርጉሙ ጠበበና በጣልያንኛ «ማቺና» የወፍጮ ድንጋይ፣ «ማቺናሬ» ደግሞ መፍጨት ሆነ። ሥጋ ቤት ገብቶ «ማቺናቶ» የሚጠይቅ ሰው የተፈጨ ሥጋ መጠየቁ ነው። ከብዙ ዘመን በኋላ ሊቃውንቱ ያንኑ ቃል ከላቲን መጻሕፍት ሲያነሡት ግን የጥንት ድምፁን ጠብቆ «ማኪና» ሆኖ ገባ። ጣልያንኛ ስለዚህ አንዱን የላቲን ቃል በወፍጮ ቤት በር አንድ ጊዜ፣ በቤተ መጻሕፍት በር ደግሞ ሌላ ጊዜ ተቀብሎታል።

«ኪ» ወደ «ቺ» የተለወጠበት ምክንያት ለአማርኛ አንባቢ እንግዳ አይሆንም። ከ«ኢ» በፊት የሚመጣ «ክ» ምላስን ወደ ፊት ስለሚስብ በብዙ ቋንቋ ወደ «ች» ወይም «ሽ» ይለወጣል። ግዕዙ «ሰላም ለኪ» ሲል አማርኛው «ሰላም ለሽ» የሚለውም በዚሁ ጠባይ ነው። በጸሎት መጽሐፍ ውስጥ «ለኪ» እንደ ነበረ ሲቀር በዕለት ንግግር «ለሽ» ሆነ፤ ጣልያንኛውም የመጽሐፉን «ማኪና» እና የአፉን «ማቺና» ጎን ለጎን ይዟል።

ሁለቱ ወንድማማቾች አንድ ጊዜ በክፉ ተገናኝተዋል። አዲሱ የጣልያን መንግሥት የበጀት ጉድለቱን ለመሙላት በሚፈጭ እህል ላይ ግብር ጥሎ ከጥር 1 ቀን 1869 ጀምሮ ሥራ ላይ አዋለ፤ ግብሩም «የማቺናቶ ግብር» ተባለ። ወፍጮው ስንት ጊዜ እንደ ዞረ የሚቆጥር መቁጠሪያ መሣሪያ በየወፍጮው እንዲገጠም የታዘዘ ሲሆን፣ ማኪናው ማቺናውን እንዲሰልል ተሾመ ማለት ይቻላል። ድሀው የሚበላውን ዱቄት የሚነካ ግብር ነበረና ወዲያው ብዙ ሰው የሞተበት አመፅ ተነሣ፤ ግብሩም ሙሉ በሙሉ እስኪቀር ድረስ እስከ 1884 ተጠብቋል።

በሰላም የተገናኙበት ቦታም አለ። «ማቺኒኖ» የቡና መፍጫ ነው፤ ጣልያኖች ግን እያንኳኳ የሚሄድን ያረጀ መኪናም በቀልድ «ማቺኒኖ» ይሉታል። በዚህ ቀልድ የወፍጮው ልጅና የአውቶሞቢሉ ልጅ ሳይተዋወቁ አንድ ጋራዥ ገብተዋል።

ጣልያኖች አውቶሞቢልን ለምን «ማኪና» አሉት?

በሃያኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ ላይ ከመሣሪያዎች ሁሉ መካከል ሰው ሁሉ የሚያወራለት፣ ሌላ መግለጫ ሳይጨመርበት «ማኪናው» ሲባል የሚታወቅ አንድ መሣሪያ ተገኘ፤ እሱም አውቶሞቢል ነው። ቃሉ ሌሎቹን ትርጉሞች አልተወም፤ ፎቶ ማንሻውም፣ የስፌቱም፣ የጽሕፈቱም፣ የቡናውም ሁሉ «ማኪና» ናቸው፤ ነገር ግን እነዚህ ሁሉ «የስፌት»፣ «የቡና» የሚል ተከታይ ይፈልጋሉ። ብቻውን ሲቆም አውቶሞቢል ነው።

«አውቶሞቢሌ» የሚለው የመዝገብ ቃል ተባዕት ነው ወይስ አንስት የሚል ክርክርም ነበር። ባለቅኔው ጋብሪኤሌ ዳኑንዚዮ በ1920 ለፊያት መሥራች ለጆቫኒ አኜሊ በጻፈው ደብዳቤ አውቶሞቢል አንስት መሆኑን የፈረደ ሲሆን፣ አነጋገሩም በዚያው ጸንቷል። «ማኪና» ግን ከላቲን ጀምሮ አንስት ስለ ነበረ የማንንም ፍርድ አልጠበቀም። የእኛ ሾፌሮችም መኪናዋ «ተነሣች፣ ቆመች፣ እንቢ አለች» ማለታቸው የሚታወቅ ነው፤ ይህ ግን ከጣልያንኛ የተወረሰ ሳይሆን አማርኛ ለሚወደው ነገር የሚሰጠው አንስታይነት ይመስለኛል።

ሞተር የሌለው «ማኪና» ማየት የሚፈልግ ሰው በየዓመቱ መስከረም 3 ቀን ምሽት ከሮም በስተ ሰሜን ወደምትገኘው ቪቴርቦ ይሂድ። የከተማይቱ ሰዎች 30 ሜትር ገደማ ከፍታና 5 ቶን ገደማ ክብደት ያለውን፣ በብርሃን ያሸበረቀ ግንብ መሳይ ነገር መቶ በሚያህሉ ሰዎች ትከሻ ተሸክመው በጠባብ መንገዶች ያሳልፋሉ፤ ስሙም «የቅድስት ሮዛ ማኪና» ነው። ዩኔስኮ በ2013 ከሌሎች ተመሳሳይ የጣልያን በዓላት ጋር መዝግቦታል። እዚህ ቃሉ ከሞተሩ ዘመን በፊት የነበረውን ትርጉም፣ ማለትም በብልሃት የቆመ ከባድ ነገርን ጠብቆ ይዟል።

ፈረንሳይኛው ለምን «ማሺን» ይባላል? ትርጉሙስ?

ፈረንሳይኛ ቃሉን በ14ኛው ምዕተ ዓመት ከላቲን መጻሕፍት ወሰደው፤ የተጻፈበትን ሆሄ ግን በራሱ ልማድ አነበበው። ለጣልያኑ «ክ» የሆነው የሆሄ ጥምረት ለፈረንሳዩ «ሽ» ነው። ከዚያ በኋላ በአውሮፓ የተሠራጨው ይህ የፈረንሳይኛው ድምፅ ነው፤ እንግሊዝኛው፣ ጀርመንኛውና ራሽያኛው ሁሉ «ሽ» የሚሉት ከዚህ የተነሣ ነው። እንግዲህ በየትኛውም ቋንቋ ቃሉን ስናገኝ «ክ» ካለው መንገዱ በጣልያን ወይም በስፓንና ፖርቱጋል በኩል፣ «ሽ» ካለው በፈረንሳይ በኩል መሆኑን መገመት ይቻላል።

በፈረንሳይኛ «ማሺን» ጠቅላላ መሣሪያ ሲሆን፣ በቤት ውስጥ አነጋገር ብቻውን ሲጠራ የልብስ ማጠቢያውን ያመለክታል፤ «አንድ ማሺን ሠራሁ» የሚል ሰው አንድ ዙር ልብስ አጠብሁ ማለቱ ነው። መኪና ግን «ቯቲር» ይባላል፤ እሱም «ማጓጓዝ» ከሚል ሌላ የላቲን ቃል የመጣ ነው። በቲያትር ቤት መድረክ የሚለዋውጡ ሠራተኞች «ማሺኒስት» መባላቸው የአቴናውን ክሬን ያስታውሳል፤ የፓሪስ አውቶቡስ ነጂም በሥራ ቋንቋ ይኸው «ማሺኒስት» ነው።

ፈረንሳይኛ ከዚሁ ቃል «ማሼ» ወደሚል ድምፅ የሚጠጋ «ማሻን» የተባለ ተባዕት ቃልም ፈጥሯል፤ ትርጉሙ ስሙ ለጊዜው የጠፋብን ዕቃ፣ እኛ «ምናምን» ወይም «እንትን» የምንለው ነው። ስሙ የተረሳ ሰውም እንዲሁ ይጠራል። የፈረንሳይ ፕሬዚዳንት የነበሩት ጄኔራል ደ ጎል በ1960 የተባበሩት መንግሥታት ድርጅትን «ያ እንትን» ብለው ያጣጣሉት በዚሁ ቃል ነበር። ከአርኪሜዴስ ጥበብ ተነሥቶ «እንትን» ላይ መድረስ ለአንድ ቃል ትልቅ ውርደት ነው።

ስፓንኛና ፖርቱጋልኛስ?

በሁለቱም «ማኪና» ነው፤ የመጀመሪያው ፊደል ጎላ ብሎ ይነበባል። ጠቅላላ መሣሪያን ሁሉ ያመለክታል፤ በስፓንኛ የባቡር ራስም «ማኪና» ሲሆን፣ ባቡር ነጂው በሁለቱም ቋንቋ «ማኪኒስታ» ይባላል። «በሙሉ ማኪና» ማለት በሙሉ ፍጥነት ማለት ነው። በስፓን ሰውን «አንተ እኮ ማኪና ነህ» ማለት ስድብ ሳይሆን ምስጋና ነው።

መኪና ግን በስፓን «ኮቼ» (መነሻው ሠረገላ ይሠራባት የነበረች ኮች የምትባል የሃንጋሪ መንደር ናት)፣ በብዙ የላቲን አሜሪካ አገሮችና በፖርቱጋልኛ «ካሮ» ነው። ኩባ ለየት ትላለች፤ ኩባውያን መኪናን በተለይም አሮጌዎቹን የአሜሪካ መኪናዎች «ማኪና» ይሉ ነበር፣ ዛሬም ይላሉ፤ በጋራ ታክሲነት የሚሠሩት ደግሞ «አልመንድሮን»፣ ማለትም «ትልቁ ለውዝ» የሚል ቅጽል ወጥቶላቸዋል። ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በሺህ የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ልጆች በኩባዋ የወጣቶች ደሴት ተምረዋል፤ ስፓንኛን ከመጀመሪያው ፊደል ሲማሩ ይህን አንድ ቃል እንኳ ከአገራቸው ይዘውት መሄዳቸው ያስገርማል።

እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። በሜክሲኮ ለውጭ ገበያ የሚገጣጥሙ ፋብሪካዎች «ማኪላዶራ» መባላቸው ከማኪና የወጣ ይመስላል፤ አይደለም። «ማኪላ» ከዓረብኛ የመጣ የስፈር ቃል ሲሆን፣ ወፍጮ ባለቤት ለመፍጨቱ ዋጋ የሚያስቀረው ዱቄት ማለት ነበር። ወፍጮ ቤት ውስጥ ሁለት የማይዛመዱ ቃላት ተገናኝተው መልካቸው ተመሳሰለ።

ሮማንያኛ ለምን እንደ ጣልያንኛ መኪናን በዚህ ቃል ይጠራል?

ሮማንያኛ ከአፍ ወደ አፍ የወረሰው ቃል «ማቺና» ሲሆን መፍጨት ማለት ነው፤ በዚህ ከጣልያንኛው ገበሬ ጋር አንድ ነው። «ማሺና» የሚለው ግን በዘመናዊው ጊዜ ከፈረንሳይኛና ከአካባቢው ቋንቋዎች የገባ ነው፤ «ሽ» እንዳለው ልብ ይሏል። መኪናም፣ የልብስ ማጠቢያም፣ የጽሕፈት መሣሪያም ሁሉ «ማሺና» ናቸው። በጎረቤት ያለው ራሽያኛ መኪናን «ማሺና» ማለቱ ለዚህ ትርጉም መጽናት ሳይረዳው አልቀረም። ቤተሰቡን ጠቅልለን ስናይ በስተ ምዕራብ ያሉት ለመኪና ሌላ ስም ሲያወጡለት፣ በስተ ምሥራቅ ያሉት ጣልያንኛና ሮማንያኛ ግን ይኸንኑ ሰጥተውታል።

በነዚህ ቋንቋዎች ሁሉ «ማሤር» የሚል ትርጉም ለምን ተገኘ?

ግሱ ከስሙ ይልቅ የጥንቱን ነገር ስለሚያስታውስ ነው። ስሙ ወደ ብረትና ሞተር ሲሄድ ግሱ ዘዴና ተንኮል ላይ ቀረ፤ ጣልያንኛው «ማኪናሬ»፣ ፈረንሳይኛው «ማሺኔ»፣ ስፓንኛው «ማኪናር» ሁሉም ሤራ መጎንጎን ማለት ናቸው። በአማርኛም «ዘዴኛ» በሚባለው ሰውና «ተንኮለኛ» በሚባለው መካከል ያለው ርቀት ብዙ ጊዜ የተናጋሪው ስሜት ብቻ ነው።

የእኛው «መኪና» ከጣልያንኛ ነው ወይስ ከዓረብኛ?

ከጣልያንኛ ነው። ዓረብኛም «ማኪና» የሚል ቃል ከጣልያንኛ ወስዷል፤ ነገር ግን እዚያ የቃሉ ትርጉም ሞተር ወይም መሣሪያ ነው፣ መኪና ግን «ሰያራ» ወይም «ዐረቢያ» ይባላል። በባሕረ ሰላጤው አገሮች የሚሠሩ ወገኖቻችን ይህን ልዩነት በየቀኑ ያዩታል። አውቶሞቢልን በዚህ ስም የሚጠራው ጣልያንኛ ነው፤ ትርጉሙ የመጣውም ከቃሉ ጋር አብሮ ነው። የጣልያንኛው «ኪ» ይጠብቃል፣ የእኛው ይላላል፤ «ማ» ደግሞ «መ» ሆኗል።

ቃሉ ብቻውን ቢሆን ኖሮ ጥርጣሬ ይኖር ይሆናል፤ ጋራዥ ገብቶ ለሚያዳምጥ ግን ቤተሰቡ በሞላ አብሮ ተሰልፏል። ጎማ፣ ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ቸርኬ፣ ታርጋ፣ ፖርቶ መጋላ ሁሉም ጣልያንኛ ናቸው፤ ጣልያን በኤርትራ በቆየችበት ዘመንና ከ1936 እስከ 1941 በኢትዮጵያ በነበረው ወረራ ከጭነት መኪናዎቹና ከመንገዱ ሥራ ጋር ሥር ሰደዱ። ከነዚህ ሁሉ የሚደንቀኝ «ባሌስትራ» ነው። የጭነት መኪና ከታች የተደራረበ ብረቱን መካኒኮቻችን በዚህ ስም ይጠሩታል፤ በጣልያንኛ ቃሉ ከቀስት ጋር የሚመሳሰል መወርወሪያ መሣሪያ ሲሆን ሥሩ «ባሊስታ»፣ ማለትም ቪትሩቪዩስ ከማኪናዎቹ ተራ የቈጠረው የሮማውያን ድንጋይ መወርወሪያ ነው። የታጠፈው ብረት ከቀስት ጋር በመመሳሰሉ ስሙን ወርሷል፤ እያንዳንዱ ኢሱዙ እንግዲህ የሮም የጦር መሣሪያ ተሸክሞ ይሄዳል።

ማሽን፣ መካኒክ፣ መካናይዝድ የሚሉትም ዘመዶች ናቸው?

አዎን። «መካኒኩ በማሽን ተጠቅሞ መኪናዋን ጠገናት» የሚል ሰው አንዱን የግሪክ ቃል ሦስት ጊዜ ተናገረ። «መኪና» በዶሪኩ «ማካና»፣ በላቲንና በጣልያንኛ በኩል መጣ፤ «ማሽን» ያንኑ የላቲን ቃል ተከትሎ በፈረንሳይና በእንግሊዝኛ በኩል ዞረ፤ «መካኒክ» ግን ከአቴናው «ሜካኔ» የወጣና ላቲን ዘግይቶ ለሁለተኛ ጊዜ የተበደረው ነው። የቄሣሮችን ታሪክ የጻፈው ስዌቶኒዩስ እንደሚተርከው ከ69 እስከ 79 ዓ.ም. የነገሠው ቄሣር ቬስፓሲያኑስ ግዙፍ ዓምዶችን በጥቂት ወጪ እንደሚያጓጉዝ ቃል ለገባ አንድ «መካኒኩስ» ስለ ፈጠራው ብዙ ሽልማት ሰጥቶ፣ ፈጠራውን ግን ድሀው ሕዝብ ሠርቶ እንዲበላ ሲል ሳይጠቀምበት ቀርቷል።

አማርኛ ቀድሞ «የጽሕፈት መኪና»፣ «የስፌት መኪና» ሲል ጣልያንኛውን አነጋገር በቀጥታ ይዞ ነበር። ዛሬ አዲስ መሣሪያ ሲመጣ ማጠቢያውም ገንዘብ ማውጫውም «ማሽን» ይባላል፤ «መኪና» ከጊዜ ወደ ጊዜ ለአራቱ ጎማ ብቻ እየተተወ ነው።

ማኪያቶስ? የዕብራይስጡ «መኮኒት»ስ?

ሁለቱም ዘመድ አይደሉም። ማኪያቶ «ነጠብጣብ» ከሚለው የላቲን «ማኩላ» የመጣ ሲሆን፣ በወተት ጠብታ ነቁጥ የተደረገበት ቡና ማለት ነው።

የዕብራይስጡ ነገር ይበልጥ ያሳስታል፤ በተለይም እስራኤል ለሚኖሩ አማርኛ ተናጋሪዎች። በዕብራይስጥ «መኮና» መሣሪያ፣ «መኮኒት» መኪና ነው። ሆኖም «መኮና» ጥንታዊ የመጽሐፍ ቅዱስ ቃል ነው፤ በመጽሐፈ ነገሥት ቀዳማዊ 7፥27 ለሰሎሞን ቤተ መቅደስ የተሠሩት ዐሥሩ የናስ መቀመጫዎች ይህ ስም አላቸው። አዲሱን ዕብራይስጥ የቀረጹት ሰዎች ድምፁ ከአውሮፓው ቃል ጋር ስለ ተመሳሰለላቸው አዲስ ትርጉም ሰጡት፤ «መኮኒት»ን የፈጠረውም ከነዚሁ ሰዎች ዋነኛ የነበረው የኤሊዔዘር ቤን ይሁዳ ልጅ ኢታማር ቤን አቪ ነው። መቀመጫዎቹ መንኮራኩር የነበራቸው መሆኑ ደግሞ ግጥምጥሞሹን ያደምቀዋል። የዕብራይስጡ ቃል እውነተኛ ዘመድ በእኛ ዘንድ «መኪና» ሳይሆን «መካነ ሰላም» ስንል የምናገኘው ግዕዙ «መካን» ነው፤ የሁለቱ ሥር «ኮነ» የሚለው ግስ ነውና።

ባቡርም ከላቲን ነው ይባላል፤ እውነት ነው?

እውነት ነው። «ቫፖር» በላቲን እንፋሎት ሲሆን፣ ጣልያኖች የእንፋሎት መርከብን «ቫፖሬ» ስላሉት ቃሉ በዓረብኛ «ባቡር» ሆኖ ወደ እኛ ደረሰ። አርመናዊው ሰርኪስ ቴርዚያን በዐፄ ምኒልክ ዘመን ያስመጣው የመንገድ መዳመጫ «የሰርኪስ ባቡር» ተባለ፤ በገጠር በሞተር የሚሠራ የእህል ወፍጮ «ባቡር» ይባላል፤ በሶማሊኛ ደግሞ «ባቡር» መኪና ነው። ጣልያናዊው ገበሬ የመሣሪያ ሁሉ ስም የነበረውን «ማኪና» ለወፍጮ እንደ ሰጠ ሁሉ፣ የእኛም ገበሬ የእንፋሎትን ስም ለዚያው ለወፍጮ ሰጥቶታል።

በነዚህ አገሮች ስዘዋወር «መኪና» ብል ይገባቸዋል?

ጣልያን ውስጥ «ኪ»ን አጥብቀው ከተናገሩ ይገባቸዋል። ሮማንያ ውስጥ «ማሺና» ይበሉ። ፈረንሳይ ውስጥ «ማሺኔ ተበላሸብኝ» ቢሉ የልብስ ማጠቢያ ጠጋኝ ሊጠሩልዎ ይችላሉና «ቯቲር» ማለት ይሻላል። በስፓን «ኮቼ»፣ በፖርቱጋልና በብራዚል «ካሮ»፣ በአርጀንቲና «አውቶ» ያስኬዳሉ። ጣልያን ውስጥ እየነዱ ሳለ የትራፊክ ፖሊስ አስቁሞ «ፓተንቴ ኤ ሊብሬቶ» ቢልዎ የሚጠይቀው መንጃ ፈቃድና ሊብሬ ነው።